ወላፈኑ እንዳይባክን፦ ከአንድ ጣኒካ ሁለት የዳቦ መጋገሪያ

(በማኅበራችን የአባላት ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በመጋገሪያ ቡድኑ ስም የቀረበ ንግግር)




ዛሬ ቡድናችን የመናገር ተራ ሲሰጠው ይዞላችሁ የመጣው የቆርቆሮ ነገር ነው። ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ሦስት ማዕዘን ዕቃ ከሳምንት በፊት ባዶ የዘይት ጣኒካ ነበር። ጠዋት ከቡናው ጋር የቀመሳችሁት ዳቦ የተጋገረው በእሱ ነው። እንዴት እንደምንሠራው፣ ምን ዓይነት እሳት እንደሚፈልግ፣ ለየትኛው ሥራ እንደማይሆንም እንነግራችኋለን። በመጨረሻም ሁለት ነገር እንጠይቃለን፤ አንደኛው የአባላት ድርሻ ነው፣ ሁለተኛው የደጋፊዎች።

ምጣድ ይዞ የሚሸሽ የለም

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ብዙዎቻችን ልጅ አዝለን፣ አቅመ ደካማ ደግፈን ወደ ወልድያና ወደ ደሴ ወጣን። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ተነሣን። ሰው ሲሸሽ ምን እንደሚይዝ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጥቂት ዱቄት፣ በርበሬ፣ ጨው፣ አንድ ድስት፣ ብርድ ልብስ። ምጣድ ተሸክሞ የወጣ ግን አላየንም። የሸክላ ምጣድ ሰፊ ነው፣ ከባድ ነው፣ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ከተጋጨ ይሰነጠቃል።

ምጣዱ ከቀረ እንጀራው ይቀራል። እንጀራ ቡሃቃ ይፈልጋል፣ እርሾ ይፈልጋል፣ ሊጡ እስኪቦካ ሁለት ሦስት ቀን አንድ ቦታ መቀመጥን ይፈልጋል። በአንድ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ከስምንትና ከአሥር ቤተሰብ ጋር ያደረች እናት ይህ ሁሉ የላትም።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ተራው ተገለበጠ። ከአላማጣ ከተማና ከራያ አላማጣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ቆቦ መጡ። ትናንት የሰው ደጅ የቆምን እኛ፣ ዛሬ ደጃችን ላይ ሰው ቆመ። እነሱም ያለ ምጣድ መጥተዋል። ያየነውን ችግር በሌላ ሰው ፊት ላይ ስናየው ወዲያው አወቅነው።

ለተፈናቃይ የሚታደለው እህል ብዙውን ጊዜ ስንዴ ነው። ሙሉ የሚባለው ድርሻ ለአንድ ሰው ለአንድ ወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ክክና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። የራያ ሰው ደግሞ ያደገው በማሽላ ነው። ስንዴውን ምን ያድርገው? ይቀቅለዋል፣ ይቆላዋል፣ ወይም አስፈጭቶ በድስት ክዳን ላይ ቂጣ ይጠፈጥፋል። ንፍሮና ቆሎ የቀን ረኃብ ያስታግሣሉ፤ ለታመመ ሽማግሌና ጥርሱ ላልጠነከረ ሕፃን ግን ይከብዳሉ። በክዳን ላይ የተጋገረው ቂጣም ከሥሩ አሮ ከላዩ ጥሬ ይሆናል። «እሳት ካየው ምን ለየው» ይባላል፤ ይህን ተረት የሚያወሩት ግን ጥሬ ሊጥ በልቶ ሌሊቱን ሙሉ ሆዱን ይዞ ያደረ ልጅ ያላስታመሙ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ይህ ነበር፤ ምጣድ ሳይኖር፣ ፉርኖ ሳይኖር፣ ሜዳ ላይ በሦስት ጉልቻ እሳት ከስንዴ ዱቄት በደንብ የበሰለ ዳቦ እንዴት ይወጣል?

አባቶቻችን ሜዳ ላይ ምን ይበሉ ነበር?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከአፋር በረሃ አሞሌ ጨው ጭነው ወደ ደጋ የሚወጡ ነጋዴዎች፣ ከብት ተከትለው ሜዳ የሚያድሩ እረኞች፣ ዘመቻ የሚሄዱ ሰዎች መልሳቸው ብርኩታ ነበር። የብርኩታን አሠራር ወጣቶቻችን ላያውቁት ስለሚችሉ እንንገራችሁ። ክብ ድንጋይ እሳት ውስጥ ይጨመርና በደንብ ይግላል። የጋለው ድንጋይ በወፍራም ሊጥ ይሸፈናል። ከዚያ ተመልሶ ፍም ዳር ይደረጋል፤ እየተገላበጠ ከውጭ በፍሙ፣ ከውስጥ በድንጋዩ ይበስላል። ሲበላ ይፈረካከስና ድንጋዩ ይወጣል።

ብርኩታ ትልቅ ጥበብ አለው። ሊጥ ከአንድ ወገን ብቻ ሲሞቅ እንደማይበስል፣ ሙቀቱ ከየአቅጣጫው መምጣት እንዳለበት የተረዳ ሰው የሠራው ዳቦ ነው። ዕቃም አይፈልግም። ጉድለትም አለው፤ ብዙ ፍም ይፈጃል፣ አመድ ይይዛል፣ ቅርፊቱ ይጠነክራል። ድንጋዩንም መምረጥ ያስፈልጋል። ከወንዝ ውስጥ የወጣ፣ ውኃ የጠጣ ድንጋይ በእሳት ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። ለመንገደኛ ወንድ የተሠራ ዳቦ ነው፤ አራት ሕፃናት ከበው ለሚጠብቋት እናት ግን የሚለሰልስ ነገር ያስፈልጋል።

እኛ ከብርኩታ የወሰድነው ያንን አንድ ትምህርት ነው፤ ሙቀቱ ከላይም ከታችም ይምጣ። ድንጋዩን ግን በቆርቆሮ ተካነው።

ወላፈን ማለት ምን ማለት ነው?

እሳት ዳር የተቀመጠ ሰው ፊቱ ይለበለባል፣ ጀርባው ይበርደዋል። ፊቱን የሚለበልበው ወላፈን ነው። የእሳት ሙቀት አንዱ ክፍል ከጭሱና ከትኩስ አየሩ ጋር ወደ ላይ ይወጣል፤ ድስታችን የሚፈላው በእሱ ነው። ሌላው ክፍል ደግሞ እንደ ብርሃን በቀጥታ ወደ ጎን ይረጫል። ሦስት ጉልቻ ላይ ወጥ ስንሠራ ይህ ወደ ጎን የሚረጨው ሙቀት ለድስቱ ምንም አይጠቅመውም። አፈሩን ያሞቃል፣ እግራችንን ይለበልባል፣ ይጠፋል።

ወላፈን እንደ ብርሃን ስለሆነ በመስታወት እንደሚመለስ ብርሃን እሱም ይመለሳል። የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ አብዛኛውን መልሶ ይወረውረዋል፤ ጥቁርና ጥላሸት የያዘ ነገር ግን ይውጠዋል። እንግዲህ ከእሳቱ ፊት ለፊት አንድ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ወደ ላይ፣ አንድ ደግሞ ወደ ታች አጋድለን ብናቆም፣ የላይኛው ወላፈኑን ወደ ዳቦው አናት፣ የታችኛው ወደ ዳቦው ሆድ ይመልሱታል። ዳቦው በመካከላቸው ባለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ከላይ፣ ከታችና ከፊት ይሞቃል። የዕቃው ምሥጢር ይኸው ነው።

ይህን እኛ አልፈለሰፍነውም። በአውሮፓና በአሜሪካ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በምድጃ እሳት ፊት የሚቀመጥ የቆርቆሮ መጋገሪያ በየቤቱ ይታወቅ ነበር። ዛሬም ድንኳን ተክለው ሜዳ የሚያድሩ ሰዎች ይሠሩበታል። ለእነሱ የመዝናኛ ዕቃ ነው። ለእኛ ግን የልጆች ቁርስ ነው።

አሠራሩ

አሁን እጅጌያችንን እንሰብስብ።

በመጀመሪያ ጣኒካውን እንምረጥ። የምንፈልገው አራት ማዕዘን የሆነውን፣ 18 ሊትር የሚይዘውን የዘይት ወይም የቅቤ ጣኒካ ነው። ጎኑ 24 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እዚህ ላይ አጥብቀን የምናሳስበው ነገር አለ፤ የተባይ መድኃኒት፣ ቀለም፣ ናፍጣ ወይም ቤንዚን የነበረበት ቆርቆሮ በፍጹም አይሆንም። በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም በሚመረትበት አካባቢያችን የፀረ ተባይ ዕቃ በየማሳው ተጥሎ ይገኛል። አሥር ጊዜ ቢታጠብም ለምግብ አይሆንም። የምግብ ዘይት የነበረበት መሆኑን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ተዉት።

ሁለተኛ፣ በሙቅ ውኃና በአመድ እናጥበዋለን። አመድ ቅባቱን ያነሣል፣ ውስጡንም ያጠራል። በአሸዋ ግን አትፈትጉት፤ ከተቧጨረ ማብረቅረቁ ይቀንሳል፣ ቶሎም ይዝጋል።

ሦስተኛ፣ እንቆርጠዋለን። የጣኒካው አፍና ቂጥ አራት ማዕዘን ናቸው። በአፉ ላይ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ትይዩው ማዕዘን መስመር እናሠምር። በቂጡም ላይ በዚያው አቅጣጫ እናሠምር። ከዚያ እነዚህን ሁለት መስመሮችና የሚያገናኟቸውን ሁለቱን የቁም ጠርዞች ተከትለን በቆርቆሮ መቀስ እንቆርጣለን። ጣኒካው ለሁለት እኩል ይከፈላል። እያንዳንዱ ክፋይ ሁለት ግድግዳ አለው፤ ግራና ቀኙ ደግሞ በሦስት ማዕዘን የተዘጋ ነው። ከአንድ ጣኒካ ሁለት መጋገሪያ ወጣ ማለት ነው። አንድ ብቻ ልሥራ ብትሉም አይቻልም፤ ሁለት ሆኖ ይወለዳል።

አራተኛ፣ ጠርዙን እንጠፍ። አዲስ የተቆረጠ ቆርቆሮ እንደ ምላጭ ነው። እጃችንን በጆንያ ጨርቅ ጠቅልለን፣ ጠርዙን ዙሪያውን በፒንሳ አንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ አጥፈን በመዶሻ እናስተኛዋለን። ይህን ሳንጨርስ ልጆች እንዳይጠጉ።

አምስተኛ፣ መደርደሪያውን እንሥራ። ዕቃውን አፉ ወደ እሳቱ እንዲያይ እናስተኛው። የኋላው ማጠፊያ ከመሬት 17 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ከስንዝር ትንሽ ያነሰ ማለት ነው። ከሥሩ ሁለት ድንጋይ እንደግፍለት። ከዚያ በግራና በቀኙ ሦስት ማዕዘኖች ላይ፣ ከኋላው ማጠፊያ ጋር እኩል በሆነ ከፍታ፣ በሚስማር አራት አራት ቀዳዳ እንበሳ። ሽቦ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እያሳለፍን ወጥረን እንሰር። በሽቦዎቹ ላይ ሊጡ የሚቀመጥበት ትንሽ ትሪ ይኖራል፤ ከቀረ ቆርቆሮ አራቱን ጠርዝ ወደ ላይ አጥፎ መሥራት ይቻላል። ትሪው ቢጠቁር አይከፋም፤ እንዲያውም ጥቁር ትሪ ሙቀቱን ስለሚውጥ የዳቦው ሆድ ቶሎ ይበስላል። ማብረቅረቅ ያለባቸው ግድግዳዎቹ ናቸው።

ዛሬ ዘይት በፕላስቲክ ጀሪካን ስለሚመጣ ትልቁ ጣኒካ እንደ ድሮው በየቤቱ የለም። የእርዳታ ዘይት የሚመጣባቸውን ባለ 4 ሊትር ቆርቆሮዎች መዘርጋትና ጠርዛቸውን እርስ በርስ አቆላልፎ በመዶሻ በማስተኛት ሰፊ ማድረግ ይቻላል። ገንዘብ ካለ ደግሞ ለጥ ያለ ላሜራ ይገዛል። እያንዳንዳቸው 60 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ሉሆች በማዕዘን ከተጋጠሙ፣ በአንድ ጊዜ ስምንት ያህል ትንንሽ ዳቦ የሚይዝ መጋገሪያ ይወጣል። ለመሸጥ ለሚጋግሩ የሚሻለው ይኸኛው ነው። የላሜራ ሽፋን ነበልባል በቀጥታ ከነካው ስለሚበላሽና ጎጂ ጭስ ሊያወጣ ስለሚችል ሁልጊዜ ከእሳቱ ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

እሳቱ

ይህ መጋገሪያ ፍም አይወድም፤ ነበልባል ይወዳል። ከሌላው መጋገሪያ ሁሉ የሚለይበት ነገር ይህ ነው። ከሰል ምንም ያህል ቢግል መሬት ላይ የተኛ ስለሆነ ወላፈኑ ወደ መደርደሪያው ከፍታ በበቂ አይደርስም። ኩበትም ያለ ነበልባል ቀስ ብሎ የሚከስም ስለሆነ አይሆንም። ኩበትን ለምጣድ፣ ከሰልን ለቡና ተዉት። ለዚህ የሚሆነው ቀጭንና ደረቅ ጭራሮ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የማሽላ አገዳ ነው። አገዳ ከፍ ያለ ነበልባል ይሰጣል፤ ቶሎ ስለሚያልቅ ግን አንዷ አጠገቡ ተቀምጣ ጥቂት ጥቂት ትጨምር።

አገዳ በራያ በነፃ የሚገኝ ነገር አለመሆኑን እናውቃለን። የከብት መኖ ነው፣ የቤት ግድግዳ ነው፣ ማገዶም ነው። እንደ ጅጉርቲና ደጋሊት ያሉት የአገራችን ረጃጅም ማሽላዎች በገበሬው ዘንድ የሚወደዱት ለእህላቸው ብቻ አይደለም፤ ለአገዳቸውም ነው። ስለዚህ ለከብት የማይሆነውን፣ የጠነከረውንና የታችኛውን የአገዳ ክፍል ለእሳት እንለይ።

ዕቃው ከእሳቱ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። ሙቀቱን የምንለካው በእጃችን ነው። መዳፋችንን መደርደሪያው ባለበት ቦታ አድርገን ቀስ ብለን እንቁጠር። ከስድስት እስከ ስምንት ቆጥረን መዳፋችንን ለማንሣት ከተገደድን ሙቀቱ ልክ ነው። አራት ሳንደርስ ካቃጠለን ዕቃውን እናርቀው፤ አሥራ ሁለት አልፈን ካልተሰማን እናስጠጋው።

ነፋስ ጠላቱ ነው። ከሰዓት በኋላ በሜዳችን የሚነሣው ነፋስ ነበልባሉን ወደ ሌላ ወገን ይወስደዋል። ጠዋት መጋገር ይሻላል። ካልሆነም በግድግዳ ወይም በድንጋይ ካብ መከለል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ለዚህ መጋገሪያ ብላችሁ ለብቻው እሳት ከለኮሳችሁ የማገዶ ቁጠባ አታገኙበትም። እንጨቱ ለአራት ዳቦ ብቻ ይነዳል። ጥቅሙ የሚገኘው ለሌላ ሥራ በተለኮሰ እሳት ላይ ሲውል ነው። ሽሮው ጉልቻ ላይ ሲንተከተክ፣ በጉልቻዎቹ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ትይዩ መጋገሪያው ይቀመጣል። ወጡ በሚወጣው ሙቀት ይበስላል፣ ዳቦው ወደ ጎን በሚረጨው ወላፈን ይጋገራል። ሁለቱን መጋገሪያዎች በእሳቱ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ብታስቀምጧቸው ደግሞ ሁለቱም ይሠራሉ፤ አንዱ ለሌላው ሙቀት የሚመልስ ግድግዳ ይሆነዋል። አንድ እሳት፣ አንድ ድስትና ስምንት ዳቦ።

ሊጡ

በኩባያ እንለካ። አራት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ለብ ያለ ውኃ አንድ ኩባያ ተኩል ያህል። የሱቅ እርሾ ካለ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ በቆቦ ሙቀት ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይነሣል። ከሌለ ካለፈው ሊጥ የተረፈ ግማሽ ኩባያ እርሾ ጨምሮ ማሳደር ነው። ማሽላ ማቀላቀል ለሚፈልጉ፣ ከአራቱ ኩባያ አንዱ የማሽላ ዱቄት ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ ዳቦው አይነፋም፤ ሊጡን እንደ ላስቲክ የሚይዘው ነገር በስንዴ እንጂ በማሽላ ውስጥ የለም።

ከዚህ ሊጥ የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ስምንት ዳቦዎች ይወጣሉ፤ ለእያንዳንዱ መጋገሪያ አራት አራት ይደርሰዋል። ከኋላ ግድግዳዎቹ ስለሚጠቡ ዳቦዎቹን ወደ ፊት በአንድ ረድፍ ደርድሩ። የፊታቸው ቀለም ሲይዝ ትሪውን አውጥታችሁ ጀርባቸውን ወደ እሳቱ አዙሩት። እሳቱ ጥሩ ከሆነ ከ25 እስከ 35 ደቂቃ ይበቃዋል። መብሰሉን ለማወቅ አንዱን ገልብጣችሁ ሆዱን በጣታችሁ አንኳኩ። ባዶ ነገር ውስጥ እንደሚሰማው ድምፅ ካሰማ በስሏል።

ለቡሄ ሙልሙል፣ ለሮመዳን ማፍጠሪያ ትንንሽ ዳቦ በዚህ ይጋገራል። ከቤቱ የራቀ ልጅ በቡሄ ቀን ሙልሙል ሲይዝ ምን እንደሚሰማው ለእናቶች አንነግርም።

የማይሆንበት

እንጀራ አይጋገርበትም። ድፎ ዳቦም አይገባበትም። የረጋ ኑሮ ላለው ቤት ለእንጀራ የሚሻለው ከሲሚንቶና ከቀላል ድንጋይ የሚሠራው ምርት ምድጃ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ምርት ምድጃ እሳቱን ዘግቶ ስለሚይዝ ወላፈን ወደ ውጭ አይረጭም፤ የእኛ መጋገሪያም ከእሱ ጋር አይሠራም። ሁለቱ አይፎካከሩም። አንዱ ቤት ላለው ነው፣ ሌላው ቤቱ ገና ላልተመለሰለት።

ግድግዳው ጥላሸት ሲይዝ ሥራው ይደክማል፤ ከእያንዳንዱ ጋገራ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ዝናብ ካገኘው ይዝጋል፤ ገልብጦ ከጣሪያ ሥር ማስቀመጥ ነው።

ከሁሉ በላይ ነበልባል ያለው እሳት ነው። በሸራ መጠለያ ውስጥም ሆነ ከሸራው አጠገብ በፍጹም አይለኮስ። ቢያንስ አሥር እርምጃ ይራቅ፣ አንድ ባልዲ ውኃ ወይም አፈር አጠገቡ ይኑር፣ ሳይጠፋ ተትቶ አይኬድ። አንድ ሸራ ከተያያዘ ጎረቤቱ ሁሉ ይያያዛል።

«ድህነትን ማስለመድ ነው» ለሚሉን

ከአባሎቻችን መካከል አንዳንድ እህቶች በቅንነት የሚያነሡት ነገር አለ። «ቆርቆሮ እየቆረጥን ሰውን ድህነት እናለማምዳለን ወይ? ለምን አንድ የኤሌክትሪክ ፉርኖ ገዝተን ትልቅ ዳቦ ቤት አንከፍትም?» ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ዳቦ ቤት መክፈት የእኛም ምኞት ነው፣ ከማኅበሩ ዕቅድም አልወጣም።

ነገር ግን ሁለት ነገር እናስብ። መብራት በጦርነቱ ለወራት ጠፍቶብን እንደነበረ አንርሳ፤ በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ፉርኖ የብረት ሣጥን ብቻ ነው። ደግሞም ፉርኖ ተሸክሞ የሚሸሽ የለም፤ ምጣድንም አልተሸከምን። እጅ ላይ ያለ ሙያ ግን አይዘረፍም፣ መንገድ ላይም አይሰበርም። አንዲት ሴት ይህን ዕቃ አንድ ጊዜ በእጇ ከሠራችው፣ ነገ የትም ብትገኝ አንድ ባዶ ቆርቆሮና አንድ መቀስ አግኝታ በግማሽ ቀን ትሠራዋለች። ዳቦ ቤቱን የምንፈልገው እንድንሻሻል ነው፤ ቆርቆሮውን የምንፈልገው እስከዚያው ልጆቻችን የበሰለ እንዲበሉ ነው።

የምንጠይቃችሁ

ለአባላት፦ ጣኒካው ሲቆረጥ ሁለት ሆኖ እንደሚወጣ ተመልክታችኋል። ማኅበሩ ይህን ደንብ አድርጎ እንዲያጸድቅልን እንጠይቃለን፤ በማኅበሩ መቀስ ጣኒካ የቆረጠች አባል አንዱን ክፋይ ለራሷ ትውሰድ፣ ሁለተኛውን ከመጠለያ ወይም ከኪራይ ቤት ካለች አንዲት ተፈናቃይ እህት ጋር አብራ ሠርታ ትስጣት። የተሠራ ዕቃ ሰጥታ መመለስ አይበቃም፤ አብረው ይቁረጡ፣ አብረው ይጠፉ፣ የመጀመሪያውን ዳቦም በአንድ እሳት ግራና ቀኝ አብረው ይጋግሩ። በከተማችን እንግዳና ባለቤት በውኃ ወረፋና በእርዳታ ስም ዝርዝር እየተያየ ቅር የሚሰኝበት ጊዜ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ እሳት የሚጋሩ ሁለት ሴቶች ማገዶም ይጋራሉ፣ ወሬም ይጋራሉ። ቅሬታው ይህን ያህል ካልራቀ በዚህ ይለዝባል ብለን እናምናለን።

ለደጋፊዎቻችን፦ የተሠራ መጋገሪያ ገዝታችሁ አትላኩልን። የምንፈልገው አሥር የቆርቆሮ መቀስ፣ አሥር ፒንሳና ለመሸጥ ለሚጋግሩ እህቶች የሚሆን ላሜራ ነው። መቀሱ የማኅበሩ ንብረት ሆኖ በተራ ይዞራል። ሁለተኛ፣ በእርዳታ ሥራ ላይ ያላችሁ ወገኖች፣ በማከፋፈያ ጣቢያ ባዶ የሚቀሩት የዘይት ቆርቆሮዎች ከመጣላቸው ወይም በጅምላ ከመሸጣቸው በፊት ለሴቶች እንዲደርሱ ቃል ብታወጡልን ምንም ወጪ አያስወጣችሁም። ሦስተኛ፣ ስንዴ ሲታደል የማስፈጫ ገንዘብም ይታሰብ። ያልተፈጨ ስንዴ ያላት እናት ግማሹን ሸጣ ሌላውን ታስፈጫለች፤ መጋገሪያችንም ዱቄት ሳይኖር ባዶ ቆርቆሮ ነው።

ንግግራችን እዚህ ላይ ይብቃ። ስብሰባው ሲያልቅ ግቢው ውስጥ ሁለት ጣኒካ፣ ሁለት መቀስና ጆንያ ጨርቅ ተዘጋጅተዋል። የምትቆርጡ ቅደሙ፣ የምታነድዱ አገዳውን አቅርቡ። ሊጡ ከማለዳ ጀምሮ ተነሥቶ ይጠብቃችኋል።